ባዶዋ ክብ

«ባሕር ዛፍ!» ብላ ጮኸች ጽናት። «ሙነወር፣ ከተዋናይዋ ኋላ የቆመው ባሕር ዛፍ ነው እኮ!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ያየናል» አላት ሙነወር በክርኑ ጎሸም አድርጎ።

«ይየና! ጓሳ ላይ ባሕር ዛፍ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ይሄ ጓሳ ነው?»

የሞላሌ አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። መስኮቶቹ ብርሃን እንዳያስገቡ ከየቤቱ በተለቀመ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ በባና ተሸፍነዋል፤ የበግ ጠጉርና የጭስ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። አገሬው ማልዶ የመጣው የገዛ ጓሳውን በፊልም ለማየት ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡት ሰዎች ግን ሞላሌን ለሁለት ቀን ያህል ቀርጸው ጓሳ ሊወጡ ሲሉ ብርዱን ፈሩና ተመለሱ አሉ። የቀረውን እዚያው ከተማቸው ጥግ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ጨረሱት። ሰው እንዴት ጓሳን የሚያህል ሜዳ ትቶ ይሄዳል? ኧረ እንዲያው ጉድ ነው!

ጽናት ለምን እንዲህ እንደተንገበገበች ለማያውቅ ሰው ስለ ኮሚኩ መንገር ያስፈልጋል። «የሌሊት ማጭድ»ን የሠሩት መምህር ምንይሉ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና። ሥዕሉን በእጃቸው ሥለው በትምህርት ቤቱ ማባዣ ነው ያተሙት። ታሪኩ አጭር ነው። ጓሳ ተከልሏል፤ የዓመቱ ፈቃድ እስኪደርስ ለጣራ ክዳን የሚሆነውን ሣር ማንም አያጭድም። የጥበቃ ተራ የደረሰው አባት ይታመምና ልጁ ደብሪቱ የእሱን ባና ተከናንባ በፈንታው ትወጣለች። በየሌሊቱ ሣር የሚያጭድ ሌባ አለ። አድፍጣ ትይዘውና ፊቱን ስትገልጠው የገዛ አጎቷ ሆኖ ታገኘዋለች። ሰውየው የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጣራዬ ያፈሳል» ይላታል። በመጨረሻው ገጽ ደብሪቱ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ አፏን ከፍታለች። ንግግሯ የሚጻፍባት ክብ ግን ባዶ ናት።

ኮሚኩን ኮሚክ ያደረገችው ያቺ ባዶ ክብ ናት። መምህሩ ረስተዋት ይሁን ሆን ብለው ማንም አያውቅም። ያነበበ ሁሉ ደብሪቱ ትናገራለች ያለውን በእርሳስ ይጽፍባታል፤ ቀጥሎ የሚረከበው ሰው አንብቦ፣ በላጲስ አጥፍቶ፣ የራሱን ይጽፋል። በእስክሪብቶ የጻፈ አንድ ደፋር ነበረ፤ እስከ ዛሬ ስሙ በክፉ ይነሣል። ዩኒቨርሲቲ የገቡ የሞላሌ ልጆች ይዘውት ሄዱ፤ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ሆነ፤ ቴሌግራም ላይ ወጣ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደብሪቱ ያለችበት ቲሸርት ይሸጣል ተባለ። አንዱ ገጽ ላይ ኮፒው ያጠቆረው ነገር አለ። ቀበሮ ነው፣ የለም ድንጋይ ነው በሚል የተኳረፉ ሰዎች አሉ። ጽናት ቀበሮ ነው ባይ ናት፤ ሙነወር ድንጋይ ነው ባይ። ሁለቱ ያላቸው አንድ ቅጂ ነው፤ ሳምንት እሷ ጋ፣ ሳምንት እሱ ጋ ያድራል። ይህ ሳምንት የሙነወር ነበር።

በፊልሙ ላይ ያ ጥቁር ነገር አንበሳ ሆኖ መጣ። በኮምፒውተር የተሠራ አንበሳ! አገሳና ጋማውን አራገፈ።

«አንበሳ?» አለች ጽናት።

«አንበሳ» አለ ሙነወር። ሁለቱም ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ።

ደብሪቱን የሠራችው ተዋናይ ደግሞ የጥበብ ቀሚስ ለብሳለች፤ ጥፍሯ ቀይ ነው፤ ጸጉሯ አሁን ከውበት ሳሎን የወጣ ይመስላል። በዚያ ሌሊት፣ በዚያ ውርጭ! «ሌባው ቶሎ ቢመጣላት ይሻላል፤ አለዚያ ብርዱ ቀድሞ ይገላታል» አሉ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት፤ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ጽናት ግን አልሳቀችም። ሰው የሚወደውን ነገር አምኖ ሰጥቶ እንዲህ ተበለሻሽቶ ሲመለስለት ሳቅ ከየት ይመጣል?

ከፊት ወንበር ግን አንድ ሰው በደስታ ተቀምጠዋል፤ አቶ ዳኜ፣ የጽናት አባት። የክት ካፖርታቸውን ለብሰዋል። ኮሚኩን በሕይወታቸው ገልጠውት አያውቁም፤ ምክንያትም አላቸው። ጽናት በተወለደችበት፣ ክረምቱ በከፋበት ዓመት፣ ጓሳ ተዘግቶ ሳለ ሣር ሲያጭዱ የተያዙት እሳቸው ናቸው። በግ ከፈሉ፣ ሽማግሌ ፊት ይቅርታ ጠየቁ፣ አለቀ። ሕጉ ማራቸው፤ መምህር ምንይሉ ግን አልማሯቸውም። ኮሚኩ ላይ ሌባው የደብሪቱ አጎት ይባል እንጂ የግራ ጆሮው ጫፍ የለም። የአቶ ዳኜን የግራ ጆሮ ጫፍ ደግሞ በልጅነታቸው በቅሎ ነክሳ ወስዳዋለች። ፎቶ ኮፒው የስንቱን ፊት ሲያጠፋ ያቺን ጆሮ አላጠፋትም።

ከዚያ ወዲያ የሠፈር ልጅ ሁሉ «ማጭድ!» ብሎ ይጠራቸውና ይሮጣል። እሳቸውም የሱፍ ቆባቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው እንዳልሰማ ያልፋሉ። ጽናት «የማጭድ ልጅ» ስትባል ነው ያደገችው። እንዲያም ሆኖ ኮሚኩን ወደደችው። ደብሪቱ የአጎቷን ፊት ስትገልጥ በዐይኗ ውስጥ ያለው ነገር ጥላቻ አይደለም፤ ጽናት ያንን ገጽ ስትደርስ ሁልጊዜ ትቆያለች።

ዛሬ ጠዋት አባቷ ካፖርቱን ሲለብሱ «ሌባውን ቀይረውታል አሉ» ብለዋት ነበር። ቆባቸውንም ወደ ኋላ ገፋ አድርገውት ነበር። እንዲህ ሲያደርጉ አይታቸው አታውቅም።

እውነትም ቀይረውታል። ሌባው ነጭ የተጠለፈ ኮፍያ ያደረገ፣ ከቆላ የመጣ ነጋዴ ሆኗል። ጣራው አያፈስም። ሣሩን እያጨደ ይስቃል፤ «ጓሳን ሙሉ ሸጬ ሀብታም እሆናለሁ!» ይላል ብቻውን፣ ለማን እንደሚናገር እንጃለት። ከዚያ ሣሩ በአይሱዙ ተጭኖ ሞላሌ ገባና አንድ ሱቅ ደጃፍ ቆመ። ከሱቁ በላይ ያለው ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ይነበባል፤ «ጀላሉ የልብስ መደብር»።

ጋሽ ጀላሉ የሙነወር አባት ናቸው።

አንድ ልጅ ከጥግ «ሙነወር፣ ቤታችሁ!» ብሎ ጮኸና ሳቁ ተከተለ። ደብሪቱ ነጋዴውን በካራቴ ስታጋድመው ደግሞ ሰዉ በጭብጨባ ቀለጠ። ከሁሉም አስበልጠው ያጨበጨቡት አቶ ዳኜ ነበሩ።

ጋሽ ጀላሉ ሙነወር ሳይወለድ ነው ሞላሌ የገቡት። ግማሹ ተማሪ የለበሰው ዩኒፎርም ከእሳቸው ሱቅ የወጣ ነው። ቀራጮቹ ሲመጡ «ሱቅዎን ለድምቀት እናስገባው» ሲሏቸው ደስ ብሏቸው ጥሩ ጥሩውን ጨርቅ ደጃፉ ላይ ሰቀሉ፤ ሱቁን ዘግተው ሻይ ሲያቀርቡ ዋሉ። «ኮፍያዎ ያምራል፣ ያውሱን» ሲሏቸውም አውልቀው ሰጡ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ለምን እንደፈለጉት ቀራጮቹ ሁሉ ሲያውቁ ያላወቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ዛሬ ደግሞ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሐቢባን አስከትለው፣ ያንኑ ኮፍያ አጥበው አድርገው ነው የመጡት። ጽናት ዞር ብላ ስታያቸው ኮፍያውን ቀስ ብለው አውልቀው ኪሳቸው ሲከቱ አየች። ሙነወር አልተነቃነቀም። ፊልሙ እስኪያልቅ መሬት መሬቱን ሲያይ ቆየ።

መጨረሻው ላይ ደብሪቱ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች። ቢያንስ ይህቺን! ይህቺን እንኳ አይነኳትም!

ነኳት እንጂ። ደብሪቱ አፏን ከፈተች፣ ዋሽንት ተነፋ፣ ከዚያ ስለ አገር፣ ስለ ጠላት፣ ስለ ባዕድ እጅ ተናገረች፣ ተናገረች፣ ተናገረች። ሰው እንዴት ያን ሁሉ ቃል በዚያች ትንሽ ክብ ውስጥ ይጠቀጥቃል?

ባናዎቹ ከመስኮት ሲወርዱ ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ወጣ። አዳራሽ ውስጥም ጥቁር መነጽሩን ያላወለቀ ወጣት ነው። መምህርት ውባየሁ፣ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ኃላፊ፣ ምስጋና እንድታቀርብ የመረጡት ጽናትን ነበር። ማይኩን ሲያቀብሏት «አጭር አድርጊው፣ የኔ ልጅ። ምስጋና ብቻ» አሏት።

«ስለመጣችሁ እናመሰግናለን» አለች ጽናት። እዚህ ላይ ብታቆም ሁሉም በሰላም ምሳው ይሄድ ነበር። «ግን ኮሚኩን አንብበውታል?»

«እንዴታ!» አለ ዳይሬክተሩ። «ነፍሴ ነው እኮ!»

«ካነበቡት ባሕር ዛፉ ከየት መጣ? ደብሪቱ የለበሰችው የአባቷን ባና ነው። የጥበብ ቀሚስ ለብሶ ጓሳ ያደረ ሰው ጠዋት በቃሬዛ ነው የሚወርደው።» ሰዉ መሳቅ ጀመረ። ጽናት ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋችው። «አንበሳውስ? እኛ እዚህ ቀበሮ ነው ድንጋይ ነው እያልን ስንኳረፍ ኖርን፣ እርስዎ አንበሳ ይዘው መጡ! ክቧስ? ክቧ ባዶ ናት። የምንሞላት እኛ ነን። ማን ሙሉልን አላችሁ?»

«እሰይ የኔ አንበሳ!» አሉ ከኋላ ያሉት አሮጊት። ጭብጨባው ደመቀ። ዳይሬክተሩ ፈገግ ብሎ እጁን ከፍ አደረገ።

«ጎበዝ ልጅ! ግን ሲኒማና ኮሚክ ይለያያል። ሲኒማ ድራማ ይፈልጋል።»

«ሌባውስ?» አለች ጽናት።

«ሌባውማ፣ የቤት ሌባ ተመልካች አይወድም። ከውጭ የመጣ ሲሆን ለሁሉም ይቀላል።» በእጁ ወደ ተመልካቹ አመለከታት። «እስኪ አንቺ ንገሪያቸው፣ ኮሚኩ ላይ ሌባው ማን ነበር?»

ሞላሌ ሁሉ ያውቃል። ቢያውቅም ከእሷ አፍ መስማት ሌላ ነው። ጽናት ወደ ፊት ወንበር አየች። የአባቷ እጅ ቀስ እያለ ወደ ቆባቸው እየሄደ ነበር። ጣታቸው የቆቡን ጫፍ ያዘና ወደ ግራ ጆሯቸው መሳብ ጀመረ። ወደ ሙነወርም አየች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ነበር፤ ይጠብቃታል። አፏን ከፈተች።

«አላስታውስም» አለች።

ማይኩን መለሰችና ተቀመጠች። መምህርት ውባየሁ እፎይ አሉ። የሙነወር ወንበር ባዶ ነበር።

ወደ ቤት ሲሄዱ አባቷ ሚሪንዳ ገዙላት። እሳቸው ሚሪንዳ የሚገዙት ለጥምቀት ብቻ ነው። ቆባቸው ተመልሶ ወደ ኋላ ተገፍቷል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ መንገድ ለመንገድ። «አየሽ ልጄ? ሌባው ነጋዴ ነው። በፊልም ወጣ እኮ!»

«አባባ፣ ጋሽ ጀላሉ ምን አደረጉ?»

«እኔስ ምን አደረግሁ? ጣራዬ አፈሰሰ፣ እናትሽ አራስ ነበረች፣ ሣር አጨድሁ። ቅጣቴን ከፈልሁ። የከፈለ ሰው ስንት ዘመን ነው የሚጠራው?»

«ስለዚህ አሁን እሳቸው ይጠሩ?»

አቶ ዳኜ እርምጃቸውን ፈጠን አደረጉ። «ጀላሉ ትልቅ ሰው ነው፤ ይረሳዋል።»

«እርስዎ ረሱት?»

አቶ ዳኜ ቀድመዋት ወደ ግቢው ገቡ። ጽናትም ሚሪንዳውን ሳትከፍተው ቤት ገባች። ዳይሬክተሩን በልቧ ስትራገም አመሸች፤ መነጽሩን፣ አንበሳውን፣ ዋሽንቱን። ግን ሁሉንም ረግማ ስትጨርስ የምትቀረው እሷ ናት። ባሕር ዛፉን ደፍራ ተናገረች፤ ለባሕር ዛፍ ማን ይከፋል? ሰው የሚከፋበት ላይ ስትደርስ ነው አፏ የተያዘው። አባቷስ ቆባቸውን ባይስቡ ትናገር ነበር ወይ? ይህንንም ራሷን ጠየቀች፤ የወደደችው መልስ አልመጣላትም።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ሙነወር ክፍሏ ድረስ መጣ። ኮሚኩን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ።

«ሳምንትህ መቼ አለቀ?» አለችው።

«አልፈልገውም።»

«ሙነወር፣ በናትህ፣ አባባ እዚያው ተቀምጠው...»

«አባቴም እዚያው ተቀምጦ ነበር።» ድምፁ አልጮኸም፤ ቢጮህባት ይሻላት ነበር። «ትናንት ጠዋት ሱቅ ስንከፍት ልጆች ደጃፉ ላይ 'ማጭድ' እያሉ ሮጡ። አባቴ 'ምን ማለታቸው ነው?' አለኝ። ሙድ እየያዙብህ ነው ልበለው? አንቺ እኮ የእያንዳንዱን ገጽ መስመር በቃልሽ ነው የምታውቂው። አላስታውስም? አቦ ተይኝ!»

ወጣ። ጽናት ኮሚኩን ወደ መጨረሻው ገጽ ገለጠችው። ደብሪቱ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆማለች፤ አፏን ከፍታለች። በክቧ ውስጥ በሙነወር ቀጭን ጽሕፈት፣ በእርሳስ፣ አንድ ቃል ተጽፎባታል፤ «አላስታውስም»።

ላጲስ አወጣችና ማጥፋት ጀመረች፤ ወረቀቱ ሊቀደድ እስኪደርስ ፈገፈገችው። ቃሉ ጠፋ፣ የእርሳሱ ጭረት ግን ቀረ። በብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ይነበባል።

በገበያ ቀን ሞላሌ መንገዱ በሰው ይጠባል። አቶ ዳኜ ሁለት ሙክት ይዘው ከመንገዱ ዳር ቆመዋል። ከዚህ በፊት የሚቆሙት ከገበያው ጫፍ፣ ልጆች ከማይደርሱበት ነበር። አሁን መሃል ላይ ናቸው፤ ቆባቸው ወደ ኋላ፣ ወሬያቸው ሞቅ ያለ። ጽናት በጎቹን እያገዘቻቸው ነበር። ከማዶ የጋሽ ጀላሉ ሱቅ ፊት ለፊት ይታያታል። የወትሮው ግርግር የለም። ጋሽ ጀላሉ ባዶ ራሳቸውን ሆነው አንድ ጨርቅ ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ መልሰው ያጥፋሉ። ኮፍያውን አላደረጉም። ሙነወር ጥግ ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቷል።

የልጆች መንጋ መጣ። ከሱቁ ደጃፍ ደረሱና «ማጭድ! ማጭድ!» ብለው ጮኹ፤ እየሳቁ ሸሽተው ቆሙና ተመለሱ። ሁለት ጨርቅ የሚመርጡ ሴቶች ተያዩና ጨርቁን አስቀምጠው ሄዱ። ጋሽ ጀላሉ እንዳልሰማ ሰው ጨርቃቸውን አጠፉ። ጽናት ያንን እንዳልሰማ መሆን በደንብ ታውቀዋለች። ቤቷ ውስጥ አብሯት ነው ያደገው።

የበጉን ገመድ ለአባቷ አቀበለቻቸው።

«ወዴት ነው?» አሏት።

«እመጣለሁ።»

ቦርሳዋን አንግታ መንገዱን ተሻገረች። ሱቁ ደረጃ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት ተቀመጠች። ሙነወር ዞር ብሎ አያትና መልሶ ጀርባውን ሰጣት። ጋሽ ጀላሉ «እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ» አሏት፤ ሰውየው ይህን ሁሉ ችለው አሁንም ሰው ይቀበላሉ። አፍራ መሬት ልትገባ ምንም አልቀራት።

ልጆቹ ተመለሱ። «ማጭድ!»

«አቤት!» አለች ጽናት።

ልጆቹ ቆሙ። እርስ በርስ ተያዩ። ትልቁ፣ እፍረት የሌለው፣ ትንሽ ቀረብ አለ። «አንቺን አይደለም የጠራነው።»

«እኔን ነው። ስሙ የእኛ ቤት ስም ነው። ፊልሙ ተሳሳተ ተብሎ ስም ቤት አይቀይርም።» ኮሚኩን ከቦርሳዋ አውጥታ ገለጠችው። «ና እይ። ና፣ አትፍራ! ይሄ ሌባው ነው። ጆሮውን ታያለህ? ይህን ጆሮ የት ነው የምታውቀው?»

ልጁ ጎንበስ ብሎ አየ። ዐይኑ ቀስ ብሎ ወደ መንገዱ ማዶ ሄደ።

«አባቴ ነው» አለች ጽናት። ድምፅዋ ማይክ ባይኖረውም ከማይኩ ይልቅ ተሰማ። ጨርቅ ትተው የሄዱት ሴቶች ቆሙ። የእህል ሻጩ ሚዛኑን ያዘ። «ጣራቸው አፈሰሰ፣ ሣር አጨዱ፣ ቅጣታቸውን ከፈሉ። ጋሽ ጀላሉ አንድ ሣር አልነቀሉም። ሱቃቸውንና ኮፍያቸውን ነው ያዋሱት። በአዳራሽ ስጠየቅ አላስታውስም ብያለሁ፤ ዋሽቼ ነው። በደንብ አስታውሳለሁ።»

ሙነወር ከጥጉ ተነሥቶ ቆሟል። ጽናት ወደ ማዶ ለማየት ፈራች፤ ቢሆንም አየች። አባቷ የሁለቱን በጎች ገመድ እንደያዙ ቀጥ ብለው ቆመዋል። አጠገባቸው ሲያወሩ የነበሩት ሰዎች ዐይናቸውን ጥለውባቸዋል። እጃቸው ወደ ቆባቸው ሄደ።

አሁን ይስቡታል፤ ከዚያ ወደ ቀድሞው የገበያ ጫፍ ይሄዳሉ፤ ከእሷም ጋር እስከ መቼ እንደማይነጋገሩ እግዜር ያውቃል። ጽናት ይህን ሁሉ አሰበች። ያም ሆኖ ከደረጃው አልተነሣችም።

አቶ ዳኜ በጎቹን እየጎተቱ መንገዱን ተሻገሩ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ከሱቁ ደጃፍ ሲደርሱ ልጃቸውን አላዩዋትም፤ ገመዱን ከሱቁ ቋሚ ጋር አሰሩ፤ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው፤ ቋጠሮ የሚያውቅ ሰው ያን ያህል አይፈጅበትም። ከዚያ ቆባቸውን አወለቁና ኪሳቸው ከተቱት። ያቺ ጆሮ በገበያ መሃል፣ በፀሐይ ታየች።

«ጀላሉ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «የምቀመጥበት ዱካ አለህ?»

ጋሽ ጀላሉ በእጃቸው የያዙትን ጨርቅ አስቀመጡ። «ለአንተ ዱካ ይጠፋል? ሙነወር!»

ሙነወር ዱካ አመጣ። አቶ ዳኜ ከጽናት አጠገብ፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ተቀመጡ። ልጆቹ ቀስ በቀስ ተበተኑ። ሙነወር ኮሚኩን ከጽናት ጭን ላይ አነሣውና የመጨረሻውን ገጽ ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርጎ አየው፤ የተፈገፈገውን ወረቀት በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ላጲስሽን አምጪ» አላት። «ጭረቱ አልጠፋም።»

ልትሰጠው ቦርሳዋን ስትከፍት ከእህል ተራው ጥግ፣ የሆነውን ያላየ አንድ ትንሽ ልጅ እየሮጠ መጣና ወደ ሱቁ «ማጭድ!» ብሎ ጮኸ።

ጽናት አፏን ከፈተች። ግን ተቀደመች።

«አቤት!» አሉ አቶ ዳኜ።